እንግዳችሁ ቅዳሴውን እንዲከተል

ከሌላ አገር የመጣ ክርስቲያን እንግዳ ይዛችሁ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ስታስቀድሱ በጆሮው እያንሾካሾካችሁ አትተርጉሙለት፤ ቅዳሴው እናንተንም ያመልጣችኋል። ይልቅስ በዋዜማው ግጻዌውን (የየዕለቱ ንባብ የተመደበበትን መጽሐፍ) ከፍታችሁ የዕለቱን የጳውሎስ፣ የሐዋርያት (የያዕቆብ፣ የጴጥሮስ፣ የዮሐንስና የይሁዳ መልእክቶች) እና የግብረ ሐዋርያት ንባብ፣ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እና ወንጌሉን ምዕራፍና ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጻፉለት። ንባቡ ሲጀመር መስመሩን በጣት ማሳየት ይበቃል፤ እሱ በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ ይከተላል። ምዕራፉና ቁጥሩ በአብዛኛው የትም አንድ ነውና። ምስባኩ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የእኛ የመዝሙር ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሌሎች አገሮች መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ያንሳል፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በእኛ 22፣ በብዙዎቹ ዘንድ 23 ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚጋሩት የግሪክ ጸሎት «ኪርያላይሶን» («አቤቱ ማረን») ሲባል ግን ወረቀትም አያሻው፤ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

የጣናን ገዳማት ልታስጎበኙ ካሰባችሁና እንግዳዋ ሴት ከሆነች፣ ወደ ደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል አትውሰዷት፤ ሴት አይገባበትም። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰዷት።