ከባልጩት ስለት ማውጣት

የመጀመሪያ ቀን ጉልበት የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር። ባልጩቱን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ትልቅ ድንጋይ ከራሴ በላይ አንስቼ መሃሉን ወገርኩት። ያተረፍኩት ጠጠርና የተቆረጠ አውራ ጣት ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ስለዚህ መጀመሪያ መነጽርና የቆዳ ጓንት አድርጉ፤ ጭናችሁ ላይም ወፍራም ቆዳ ጣል አድርጉ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ደጅ ሥሩ። ከሥር ሸራ አንጥፉ፤ ስባሪው እንደ ምላጭ ነው።

ባልጩት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በተገኘበት በመልካ ቁንጡሬ አጠገብ፣ ባልጪት በሚባል ቦታ ባልጩት ሞልቷል፤ ከዚያ ግን አንዲት ጠጠር እንዳታነሱ! ሁለቱም ቦታዎች በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለልምምድ የወፍራም ጠርሙስ ቂጥ ይበቃል። መምቻ የሚሆናችሁ ደግሞ መዳፍ የሚሞላ፣ ስንጥቅ የሌለው ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው።

አሁን እናት ድንጋዩን፣ ማለትም የምትመቱትን ባልጩት ወይም የጠርሙስ ቂጥ፣ በግራ እጃችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙና ጠርዙን እዩ። የምትመቱት ገጽ እና ፍላጩ (ተላቅቆ የሚወጣው ስለታም ስባሪ) የሚወጣበት ጎን የሚገናኙበት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት። ካለፈ ቀኑን ሙሉ ብትቀጠቅጡም ትርፉ ድካም ነው። ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ፣ እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ፣ ወደ ታች ምቱ። ጥርት ያለ "ቅጭ" ከሰማችሁ ወጥቷል። ፍላጩን ገልብጡት፤ የተመታበት ሥር ትንሽ እብጠት አለው፣ ከእሷም እንደ ውኃ ሞገድ ክብ ክብ እየሠራ ይሄዳል።

ድንጋዩ ላይ የቀረው ጠባሳ ዳርና ዳሩ ሸንተረር ይሆናል። ቀጣዩን ምት ልክ ከሸንተረሩ ራስ ላይ አሳርፉ፤ ፍላጩ ሸንተረሩን ተከትሎ ረዝሞ ይወጣል። እኔን ሱስ ያስያዘኝ ይሄ ነው።

አፋር ውስጥ ጎና ላይ አርኪዮሎጂስቱ ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ሠሪዎቹ ጥሩ ድንጋይ መምረጥም፣ ማዕዘን ማየትም ያውቁ ነበር። የራሴን ጠጠር አስታውሼ አፈርኩ።

እንደ ኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች መፋቂያ ካማራችሁ፣ ወፈር ያለ ፍላጭ ምረጡ። ከጠፍጣፋው ሆድ በኩል ጠርዙን ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ስለቱ ይደነዝዛል፣ ግን ይጠነክራል፤ ቆዳ ይፍቃል እንጂ አይበሳም።

ስባሪውን አትበትኑት። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ስቀብረው የአንድ ብር ሳንቲም እጨምርበታለሁ፤ የዛሬ ሺህ ዓመት የሚቆፍር ሰው እንዳይሸወድ።