ጊት ሁክ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ጊት ሁክ ደግሞ ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ) ወይም ፑሽ (ወደ ጋራው ሰርቨር መላክ) ስናደርግ ጊት ራሱ የሚያስኬደው ትንሽ ስክሪፕት ነው። ኮድ ፎርማት ያደርጋል፣ በስህተት የገባ ፓስወርድ ይይዛል፣ የኮሚት መልእክት ያርማል። ለመጻፍ አሥር መስመር ይበቃዋል። ክፋቱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሁሉም ይሠራል ብሎ ተማምኖበት ይከርማል።

የመጀመሪያው ስህተት ሁኩን እዚያው የጊት ፎልደር ውስጥ ጽፎ መተው ነው። አዲስ ሪፖ (የፕሮጀክቱ የጊት ማከማቻ) ስትከፍቱ ጊት «ሁክስ» በሚል ፎልደር ውስጥ ምሳሌዎች ያስቀምጥላችኋል። ከስማቸው መጨረሻ «ሳምፕል» የሚለውን ካላጠፋችሁ አይሠሩም። ብዙ ሰው እዚያው አስተካክሎ ለራሱ ሲሠራለት ይረካል። ያ ፎልደር ግን ኮሚት አይደረግም፤ ክሎን ያደረገው (ሪፖውን ወደ ማሽኑ የገለበጠው) ባልደረባችሁ ጋ አይደርስም። ይሄ የታሰበበት ነው። ሁክ ከክሎን ጋር ቢመጣ ኖሮ የማንም ሪፖ ማሽናችሁ ላይ የፈለገውን ያስኬድ ነበር። ስለዚህ ስክሪፕቶቹን ከኮዱ ጋር ኮሚት በሚደረግ ፎልደር አድርጉና «ኮር ሁክስፓዝ» የሚለውን የጊት ኮንፊግ (ቅንብር) ወደዚያ አዙሩት። ከ2016 እ.ኤ.አ.፣ ከጊት 2.9 ጀምሮ አለ። ኮንፊጉንም እያንዳንዱ ሰው በየማሽኑ ማስገባት ስላለበት ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ጻፉት።

የማስኬድ ፈቃድ መርሳትም አለ። ሊኑክስና ማክ ላይ ፈቃድ የሌለውን ሁክ ጊት አጭር ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይዘለዋል፤ ኮሚቱም ያልፋል። ያቺን ማስጠንቀቂያ ማን ያነባታል?

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን የመውጫ ኮድ ነገር ነው። ጊት ሁኩ ስክሪን ላይ የጻፈውን አያነብም፤ የሚያየው ስክሪፕቱ በዜሮ መውጣቱን ብቻ ነው። ዜሮ ማለት ተሳካ፣ ሌላ ቁጥር ማለት አልተሳካም ማለት ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ሊንተሩን (ኮዱን ለስህተት የሚፈትሸውን መሣሪያ) ያስኬዳል፣ መጨረሻ ላይ «ተፈትሿል» ብሎ ይጽፋል እንበል። ሊንተሩ ስህተት አግኝቶ በቀይ ይጮኻል። የመጨረሻው ትእዛዝ ግን መጻፍ ብቻ ነውና ተሳክቶለታል፤ ስክሪፕቱ በዜሮ ይወጣል፣ የተበላሸው ኮድም ይገባል። ስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት» (set) የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኢ» (-e) አማራጭ ጋር ጨምሩ፣ ስህተት እንደተገኘ እንዲያቆም። ከዚያ ሆን ብላችሁ የተበላሸ ኮድ ኮሚት ለማድረግ ሞክሩ። እንቢ ሲል ካላያችሁት ሁክ አለን አትበሉ።

ሌላው ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል መፈተሽ ነው። ኮሚት የሚሆነው ስቴጅ የተደረገው (በ«አድ» ትእዛዝ ለኮሚት የተዘጋጀው) እንጂ ኤዲተራችሁ ላይ የሚታየው አይደለም። ፋይሉን አድ አደረጋችሁ፣ ሁኩ ስህተት አገኘና ከለከለ። አስተካከላችሁ፤ እንደገና አድ ማድረግ ግን ረሳችሁ። ሁኩ ዲስክ ላይ ያለውን የተስተካከለ ፋይል አይቶ ያሳልፋል፤ ኮሚት ውስጥ የሚገባው ያው ስህተት ያለበት ነው። በእጅ ከመታገል «ፕሪ-ኮሚት» ወይም «ሊንት-ስቴጅድ» የሚባሉትን መሣሪያዎች ተጠቀሙ፤ ስቴጅ ያልተደረገውን ለጊዜው ዞር አድርገው ነው የሚፈትሹት።

ቴስቱን ሁሉ ኮሚት ላይ አትጫኑ። ኮሚት ባደረገ ቁጥር ደቂቃዎች የሚጠብቅ ሰው ሁኩን የሚያዘልለውን «ኖ ቬሪፋይ» የተባለ አማራጭ በሁለት ቀን ይለምዳል፣ ከዚያ ሁኩ አለቀለት። ኮሚት ላይ ፎርማትና ሊንት ይበቃል፤ ከባዱን ወደ ፑሽ ውሰዱት። በየጊዜው ከኢንተርኔት ፓኬጅ የሚያወርድ ሁክም አታድርጉ። ጊት ያለ ኔትወርክ ኮሚት ያደርጋል፤ ኔት በጠፋ ቁጥር ኮሚት የሚከለክል ሁክ እዚህ አዲስ አበባ ምን ያደርግልናል?

በመጨረሻም ሁኩን እንደ ዘበኛ አትቁጠሩት። ማንም በአንድ አማራጭ ያልፈዋል። የግድ መሆን ያለበትን ፍተሻ ሲአይ (ሰርቨር ላይ በራሱ የሚሠራ የኮድ ፍተሻ) ላይ ድገሙት፤ ያላለፈ ኮድ ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅርንጫፍ) ውስጥ እንዳይገባም ዝጉት። ፓስወርድ ከሆነ ያመለጠው፣ ፑሽ ከተደረገ በኋላ ፋይሉን አጥፍቶ ሌላ ኮሚት ማድረግ አይጠቅምም፤ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ፓስወርዱን ወዲያው ቀይሩት።