ባለ 20 ሊትሩ ዘይት ሳይከረፋ እንዴት ይቆያል?

ዘይት ሊወደድ ነው ከተባለ ብዙዎቻችን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘን እንገባለን። መግዛቱስ ባልከፋ። ጣጣው ከዚያው ጀሪካን በየቀኑ መቅዳታችን ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፤ ዘይቱ ሲጎድል ደግሞ ባዶው ቦታ ይሰፋል። ዘይት የሚያከረፋው ይኸው አየር ነው። ብርሃንና ሙቀት ያፋጥኑታል።

መጀመሪያ የገዙትን ይለዩ። የኑግና የሱፍ ዘይት ቶሎ ይከረፋሉ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ይቆያል። የተልባ ዘይት ግን ጨርሶ አይከማችም፤ በትንሹ ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የመጣ የኑግ ዘይት ለብቻው ሥራ አለው። ጀሪካኑን ሳይነቀንቁ ጥቂት ቀናት ያቆዩት። አተላው ከሥር ይዘቅጣል። አተላው እርጥበት ስለያዘ አብሮ ከሰነበተ ዘይቱን ያበላሸዋል። የጠራውን ከላይ ቀስ ብለው ይቅዱና በንጹሕና ደረቅ ስስ ጨርቅ ያጥልሉት። የመጨረሻዋን ብርጭቆ ለማትረፍ ብለው ጀሪካኑን አይዘቅዝቁት። የደከሙበት ሁሉ መልሶ ይደፈርሳል።

ከዚያ ወደ ትናንሽ ጠርሙሶች ይገልብጡ። ጠርሙሶቹ ታጥበው፣ ተደፍተው፣ ጠብታ ውኃ እስከማይቀርባቸው ይድረቁ። እስከ አንገታቸው ሞልተው ጥብቅ አድርገው ይክደኑ። ጠቆር ያለ ጠርሙስ ይመረጣል፤ ከሌለ በጋዜጣ ይጠቅልሉት። የመዳብ ወይም የዛገ ብረት ዕቃ አይሁን። ነጭ ጋዝ የነበረበት ጀሪካን ደግሞ ስንቴም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም።

ቀኑን ጽፈው ይለጥፉበት፤ የቆየውን አስቀድመው ይጨርሱ። በአሮጌው ላይ አዲስ አይጨምሩ። የተጠበሰበትንም ወደ ንጹሑ አይመልሱ።

ቦታው ጨለማና ቀዝቃዛ ይሁን። እኔ ራሴ ለዓመታት ምድጃው አጠገብ ነበር የማስቀምጠው፤ ለእጅ ይመቻላ! አሁን ቁም ሳጥን ሥር ነው።

በብርድ ወራት ዘይቱ ቢደፈርስ ወይም ቢረጋ አይደንግጡ፣ አልተበላሸም። ሙቀት ሲያገኝ ይጠራል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ላያስታውቅ ይችላል።

የቆየውን ዘይት ከተጠራጠሩት ጠብታውን መዳፍዎ ላይ አሽተው ያሽትቱት። የአሮጌ ለውዝ ወይም የቀለም ሽታ ካመጣ ይድፉት። በርበሬው ይሸፍነዋል ብለው ወጥ ውስጥ አይጨምሩት፤ አይሸፍነውም።