የአንዲትን የሽርሽር መርከብ ባለቤቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንከታተላለን?

የመርከብን ታሪክ በስሟ ብቻ የሚፈልግ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስሙም፣ ሰንደቅ ዓላማውም፣ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። የማይለወጠው ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት የሚጠቀምበት ባለ ሰባት አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቁጥሩን ፈልጉ። ከ2004 ወዲህ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በመርከቧ አካል ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ግዴታ በመሆኑ ከጥሩ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ቁጥሩን እንዳገኛችሁ ፈትሹት። የፊተኞቹን ስድስት አሃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 አባዙና ውጤቶቹን ደምሩ፤ የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከሰባተኛው ጋር መግጠም አለበት። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት መርከብ ቁጥር 5383304 ነው። 35፣ 18፣ 40፣ 12፣ 9 እና 0 ሲደመሩ 114 ይሆናሉ፤ በ4 ያበቃል፣ ቁጥሩም በ4።

ይህች መርከብ በ1948 በስዊድን ጎተንበርግ ተሠርታ ለባለቤቷ የተሰጠችው «ስቶክሆልም» ናት። በጁላይ 1956 ከጣሊያኗ «አንድሪያ ዶሪያ» ጋር ተጋጭታ 51 ሰዎች ሞቱ፤ «አንድሪያ ዶሪያ»ም ሰጠመች። አብዛኛው ጸሐፊ ታሪኳን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ይህ ያንገበግበኛል! በ1960 የምሥራቅ ጀርመን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ገዝቷት «ፎልከርፍሮይንድሻፍት» ተባለች፤ ለ25 ዓመታትም ሠራተኞችን ለዕረፍት ይዛ ተጓዘች። በኩባው የሚሳይል ቀውስ ወቅት እንኳ መንገደኞቿን እንደያዘች የአሜሪካንን የባሕር እገዳ አልፋ ሄዳለች። ከየትኛውም ባለቤት ጋር ይህን ያህል አልቆየችም። የመርከብን ታሪክ ስትጽፉ ዝናን ሳይሆን የቆይታን ርዝመት መለኪያ አድርጉ።

ቀጥሎ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ ስም፣ የተመዘገበ ባለቤት፣ ተከራይ፣ ሰንደቅ ዓላማ እና ቀን የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ባለቤትንና ተከራይን አትቀላቅሉ። መርከቧ በመጨረሻ ዘመኗ «አስቶሪያ» ተብላ ስትጓዝ ትኬቷን ይሸጥ የነበረው «ክሩዝ ኤንድ ማሪታይም ቮዬጅስ» ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም። በ2020 ሲከስር መርከቧ ከጉዞ ውጪ ሆና ወደብ ላይ ቆመች። የተመዘገበው ባለቤት ብዙ ጊዜ ለአንዲት መርከብ ብቻ የተቋቋመ ኩባንያ ስለሆነ፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ለማወቅ አስተዳዳሪውንም መዝግቡ።

ለአሁኑ ዘመን «ኢኳሲስ» የተባለውን ነፃ የመረጃ ቋት፣ ለቀድሞው ደግሞ «የሎይድስ ሬጅስተር» የተባለውን የመርከቦች መዝገብ ዓመታዊ መጻሕፍት ተመልከቱ። መጽሐፉ በዓመት አንዴ የሚታተም ስለነበር ሽያጩን ዘግይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ትክክለኛውን ቀን በጊዜው ጋዜጦች አረጋግጡ።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያሳስተው ነገር እንምጣ። ጠቅላላ ቶኔጅ (የመርከቧ የውስጥ ይዘት መለኪያ) ሲጨምር መርከቧ ታድሳለች ማለት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የ1969ኙ የቶኔጅ ስምምነት በ1982 ሥራ ላይ ሲውል የአለካኩ ደንብ ተለወጠ፤ ነባር መርከቦችም እስከ 1994 ድረስ እንዲሸጋገሩ ጊዜ ተሰጣቸው። አንድ ብሎን ሳይነካ አሃዙ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። የእኔዋ መርከብ ግን በእርግጥም ታድሳለች፦ ጄኖቫ ውስጥ የላይኛው ክፍሏ ፈርሶ፣ የታችኛው የብረት አካሏ ቀርቶ፣ በ1994 «ኢታሊያ ፕሪማ» ሆና ወጣች። እንዲህ ያለውን ለመለየት ከቶኔጁ ጎን ርዝመትን፣ ወርድንና ሞተርን ጻፉ፤ ከዚያም ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎችን አስተያዩ።

ባዶ ዓመታትን አትዝለሉ። በምሥራቅ ጀርመንና በጣሊያን ዘመኗ መካከል ኦስሎ ላይ ታስራ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ነበረች፤ በጉዞ መርሐ ግብሮች ውስጥ ብቻ የሚፈልጋት ይህን አያገኝም። የወደብ ከተማውን ጋዜጦች ፈልጉ።

ለመፍረስ የምትሸጥ መርከብ ለመጨረሻ ጉዞዋ ብቻ አዲስ ስም ሊሰጣት ይችላል። «ፍራንስ» ተብላ የተሠራችውና ኋላ «ኖርዌይ» የሆነችው ታላቅ መርከብ አላንግ፣ ሕንድ የደረሰችው «ብሉ ሌዲ» ተብላ ነው። በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ የሽያጩን፣ የመድረሻዋንና የመፍረሷን ቀን ለየብቻ መዝግቡ። ለ5383304 የመጨረሻው መስመር ጌንት፣ ቤልጂየም፣ 2025 ይላል።