የቤት ኮምፒውተር አፕዴት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎረቤት ወይም ዘመድ «ኮምፒውተሬ ተበላሸ፣ እስቲ እየው» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምከፍተው የዊንዶውስ አፕዴትን ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። የዘጋው ደግሞ ቫይረስ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። «ዳታዬን እየበላ አስቸገረኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይበላል። ግን ሌላ መላ አለው።

አፕዴትን ከነጭራሹ መዝጋት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነውን ላስታውሳችሁ። ማርች 14 ቀን ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባ። የሰውን ፋይል እየቆለፈ «300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ» ይል ጀመር። ከ150 በላይ አገሮች ተዳረሰ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቫይረሱ ሰው ምንም ሳይነካ በኔትወርክ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። አፕዴቱን በጊዜ የጫነ ግን ያ ቀዳዳ ተደፍኖለታል።

ታዲያ ዳታው እንዴት ይሁን? ሰቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ። የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ ወይም የስልክ ሆትስፖት ምረጡና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔቱ የሚቆጠር መሆኑን ያውቃል፤ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም። ከዚያ ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትደርሱ፣ ቢሮም ይሁን ወዳጅ ቤት፣ ራሳችሁ ታወርዱታላችሁ። የወሩ ዋና የደህንነት አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን ይዞ ቢሮ መግባት ነው። ፋታ ካስፈለጋችሁም ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ እስከ 5 ሳምንት ማቆያ ቁልፍ አለ። ማቆየትና መዝጋት ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ያቆያችሁት ቀኑ ሲደርስ ይመለሳል፣ የዘጋችሁት ግን ተረስቶ ይቀራል።

ትልቁንና ትንሹን አለመለየት

የየወሩን የደህንነት አፕዴት በሳምንቱ ጫኑት። አዲስ እትም የሚያመጣው ትልቁ አፕዴት ግን አያስቸኩልም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ አጥፍቶ ነበር። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አስቁሞት፣ አስተካክሎ መልሶ ያወጣው በኖቬምበር ነው። እኔ ትልቁን አንድ ወር ያህል ሳልጠብቅ አልነካውም። ከጫንኩ በኋላ ካልተመቸኝም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል።

መብራቱን ሳያስተማምኑ መጀመር

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሞተ! የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ላይ ነው!» ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ የለውም። አፕዴቱ 62 በመቶ ላይ እያለ መብራት ሄዷል። መብራቱ ሲመለስ፣ አፕዴቱ አልተሳካም፣ ለውጦቹን እየመለስኩ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። እኔ ስደርስ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነበር። «በፍጹም እንዳትነኪው» አልኳት። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቡናም ተፈላ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተነሣ፣ ጽሑፉም ነበር። በዚያው ወደ ፍላሽ ገለበጥነው።

ዊንዶውስ እንዲህ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ራሱን ይመልሳል። የባሰ ጉዳት የሚመጣው ትዕግሥት አልቆ ደጋግመው ሲያጠፉት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ዝናብና መብረቅ ባለበት ማታ አትጀምሩ።

ባክአፕ ሳይዙ መግባት

ፎቶና ሰነድ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው የቢትሎከርን፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መከላከያ፣ ቁልፍ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ። አንዳንዴ ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ከሌላችሁ ፋይላችሁ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ዛሬውኑ በስልካችሁ አካውንታችሁን ክፈቱና ቁልፉን ፈልጉት፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁም ከላፕቶፑ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ከማይታወቅ ቦታ ማውረድ

ድረ ገጽ ስታዩ ድንገት ብቅ ብሎ «ዊንዶውስዎ አርጅቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ውሸት ነው። ዝጉት። እውነተኛው አፕዴት ሰቲንግስ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ አክቲቬተሮች፣ ዊንዶውስን ሳይከፍሉ ለማስሠራት የሚጫኑ ፕሮግራሞች፣ እነሱም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት» ይላሉ። በር ከፍታችሁ አስገቡኝ ማለታቸው ነው።

ሪስታርት አለማድረግ

ላፕቶፑን ከድኖ መነሣት ለምዶብናል። አፕዴቱ ወርዶም ሪስታርት እስኪደረግ ሥራውን አይጨርስም። ሥራ መሃል እንዳይረብሻችሁ «አክቲቭ አወርስ» የሚለው ላይ የሥራ ሰዓታችሁን ሙሉ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ለቤት ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 የሚያስኬድ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ ግን ራሳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ያስፈልጋል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ በዚህ በመጨረሻው ይወድቃል። የእናቴም ወደቀ። በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት ጫንኩላት። መዝሙሯን ታያለች፣ ውጭ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። አፕዴት ሲመጣ ከታች በኩል ትንሽ ምልክት ይወጣል፤ እሷም እሁድ እስክመጣ ትጠብቀኛለች።