ነጭ መስኮት ብቻ? የኤሌክትሮን አፖች ችግርና መፍትሄ

ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ፣ መልእክት መለዋወጫዎቹ ስላክና ዲስኮርድ። መልካቸው የዴስክቶፕ አፕ ነው፤ ውስጣቸው ግን ብሮውዘር ነው። የተሠሩበት መሣሪያ ኤሌክትሮን ይባላል፤ ክሮሚየምን (የክሮም ብሮውዘር መሠረት የሆነውን) እና ኖድ ጄኤስን (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደውን) አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። በ2013 ጊትሃብ ውስጥ አተም ለሚባል የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ተብሎ ነበር የተጀመረው። አተም ቀረ፣ ኤሌክትሮን ግን ዓለሙን ሞላው።

መስኮቱ ይከፈታል፣ ነጭ ወይም ጥቁር ብቻ ነው

ብዙ ሰው አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ልፋት ነው፤ ሲጠፋ የእናንተ ዳታ ያለበት ፎልደር አብሮ አይሄድም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩም (የስክሪኑን ስዕል የሚያሠራው ሶፍትዌር) ያው ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው። ክሮሚየም ስዕሉን ለጂፒዩ (ለግራፊክስ ቺፑ) ያስረክባል፤ ድራይቨሩ ካረጀ ወይም ከተበላሸ ምንም አይታይም። ለማጣራት ዊንዶውስ ላይ በቪኤስ ኮድ እንሞክር። የሾርትከቱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። «ታርጌት» ከሚለው መስመር መጨረሻ ክፍተት ትታችሁ ሁለት ሰረዝ፣ «ዲሴብል»፣ አንድ ሰረዝ፣ «ጂፒዩ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። በዚህ ከተከፈተ ጥፋተኛው ተገኘ። ድራይቨሩን አድሱና የጨመራችሁትን አጥፉ። አዲስ ድራይቨር ካልወጣለት የጨመራችሁት እንዳለ ይቆይ። ስላክና ዲስኮርድ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚል ማጥፊያ አላቸው።

አሁንም ነጭ ነው? እንግዲህ ካሹን (አፑ ለፍጥነት ብሎ ያስቀመጣቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) እንጠርጥር። አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ኤክሷን መጫን አይበቃም፤ አንዳንዶቹ ሰዓቱ አጠገብ ተደብቀው ይቀመጣሉ። ከዚያ በዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ ተደብቆ ያለውን አፕዳታ፣ በውስጡ ሮሚንግ፣ ቀጥሎ የቪኤስ ኮድ የሆነውን «ኮድ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። «ካሽ»፣ «ኮድ ካሽ» እና «ጂፒዩ ካሽ» የሚባሉትን ብቻ አጥፉ። አደራ፣ ሙሉ ፎልደሩን እንዳትነኩ! ሴቲንጋችሁ እዚያ ነው ያለው።

ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል

ታስክ ማናጀር ላይ አንዱ አፕ አምስት ስድስት ጊዜ ቢታያችሁ ቫይረስ አይደለም። ክሮሚየም ሥራውን ለብዙ ፕሮሰስ ያከፋፍላል። ሦስት አፕ ከፈታችሁ ማለት ሦስት ብሮውዘር ከፈታችሁ ማለት ነው። ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ ስላክንና ዲስኮርድን ብሮውዘር ላይ በታብ ተጠቀሙ። ቪኤስ ኮድ ራሱ ከከበደ «ሄልፕ» ሜኑ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደከበደ የሚያሳይ «ኦፕን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር» አለ። እኔ የምጠረጥረው ኤዲተሩን ሳይሆን የተጫኑትን ኤክስቴንሽኖች ነው።

ጭራሽ አይከፈትም

ዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 ከሆነ አትድከሙ። ኤሌክትሮን በ2023 ከወጣው 23ኛ ቨርዥን ጀምሮ ትቷቸዋል።

ኡቡንቱ 24.04 (ሊኑክስ) ላይ አፕኢሜጅ፣ ማለትም ሳይጫን የሚከፈት አንድ ፋይል አፕ፣ ከፍታችሁ ጭጭ ካለ፣ የክሮሚየም ሳንድቦክስ (አፑን ከቀሪው ኮምፒውተር የሚለየው መከላከያ) የሚፈልገውን ፈቃድ የኡቡንቱ ጥበቃ የሆነው አፕአርሞር ከልክሎት ሊሆን ይችላል። የአፑ የዴብ ፓኬጅ (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) ካለ እሱን ጫኑ። «ማስጀመሪያ ትእዛዙ ላይ ኖ ሳንድቦክስ ጨምሩበት» የሚላችሁ አይጠፋም። ይሠራል፣ ግን መከላከያውን ነው የምታጠፉት፤ እኔ አላደርገውም።

የኤሌክትሮን አማራጭ በሆነው በታውሪ የተሠራ አፕ ደግሞ የራሱን ብሮውዘር ይዞ አይዞርም፤ ዊንዶውስ ላይ ዌብቪው 2 የሚባለውን የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ ማሳያ ይጠቀማል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ።