ጎረቤት ተከራዬን ሲጠረጥር ነገሩን እንዴት እንደፈታሁት

«ተከራይህ ማታ ማታ ሰው ያስገባል፤ ዕፅ ሳይሸጥ አይቀርም» ብለው ጎረቤቴ መጡ። ከባድ ክስ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው፣ በዓይንዎ ያዩት የትኛውን ነው? የሰሙትስ? ያዩትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፍኩት። ሲጣራ የቀረው ይኼ ነው፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በር ይንኳኳል፤ የመጣው ሰው ትንሽ ፌስታል ይዞ ይወጣል። ዕፅ ያየ ሰው የለም።

ከዚያ ለተከራዬ ደውዬ ቀጠሮ ያዝን። በሌለበት ቤቱን ከፍቶ መፈተሽ ነውር ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ቢኖርም መኖሪያው የእሱ ነው። ማን እንደተናገረ አላነሳሁም። የታየውን ብቻ ነገርኩት። ለካ ሞባይል ይጠግናል! ደንበኞቹ ከሥራ ሲወጡ ነው የሚመጡት።

ውላችን ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ የሥራ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደንበኛ እንዳይቀበል ተስማማን። በጽሑፍ አድርገን ሁለታችንም ፈረምን። መንኳኳቱ ቆመ።

ለጎረቤቴ «አነጋግሬዋለሁ፣ ከቀጠለ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። የልጁን የግል ጉዳይ ማውራት የእኔ ድርሻ አይደለም። ወንጀል በዓይን ታይቶ ቢሆን ኖሮ ግን በቀጥታ ወደ ፖሊስ ነበር የምልካቸው።